ከጅዳ የመጣው መርፌ እና የኢንተርሉኪን-6 ጆሮ

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። እናቴ 52 ዓመቷ ነው። ከ4 ዓመት በፊት የእጇ ጣቶች ማበጥና መቆርጠም ጀመሩ። ደሴ ወስደናት ሩማቶይድ የሚባል የመገጣጠሚያ በሽታ ነው ተባልን። ሜቶትሬክሴት በሳምንት 3 ፍሬ ታዞላት 2 ወር ወሰደች። ስላቅለሸለሻትና ለውጥ ስላላየች ተወችው። አሁን ሲብስባት ፕሬድኒሶሎንና ዲክሎፍናክ ከፋርማሲ እየገዛች ትወስዳለች። ደም ማነስ አለባት ተብሎም የብረት ክኒን 3 ወር ወስዳ ነበር፣ ደሟ አልጨመረም። ወንድሜ ከጅዳ ቶሲሊዙማብ የሚባል መርፌ 4 ፍሬ በሰው ልኮልናል፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው። ወረቀቱ ‹የኢንተርሉኪን-6 ሪሰፕተርን ይዘጋል› ይላል። ኢንተርሉኪን ሰውነት ውስጥ የገባ መርዝ ነው? መርፌው የመከላከል አቅሟን ገድሎ እንደ ኤችአይቪ ያደርጋታል የሚሉም አሉ። ከ9 ዓመት በፊት የአንገት ዕጢ ቲቢ ይዟት ታክማ ድናለች። ኢንተርሉኪኗን ደሴ የሚለካ ቦታ አለ? እንውጋት ወይስ እንተወው?»

መልስ፦ መርፌውን አሁን አትውጓቸው። መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። ነገር ግን እናትሽ ገና ለእሱ አልተመረመሩም። ከእሱ በፊት በወጉ ያልተሞከረ ርካሽና ጠንካራ መድኃኒት አለ፣ ሜቶትሬክሴት። የአንገታቸው የቲቢ ታሪክም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ለምን እንዲህ እንደምል እንዲገባሽ ኢንተርሉኪንና ሪሰፕተር የሚሉትን ሁለት ቃላት ልፍታልሽ። የሰማሻቸው ስህተቶች የሚነሡት ከእነሱ ነው።

ኢንተርሉኪን መርዝ አይደለም፣ ከውጭም አልገባም። ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ትንሽ ፕሮቲን ነው። አንድ ነጭ የደም ሴል ጀርም ሲያገኝ ሌሎቹን የሚጠራው ኢንተርሉኪን በመልቀቅ ነው። ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ስዊዘርላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች ባደረጉት ስብሰባ ሲሆን፣ «በነጭ የደም ሴሎች መካከል» እንደማለት ነው። ያኔ ስም የወጣላቸው ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ወደ 40 ደርሰዋል። ስሙ ግን ጠቧል። መልእክቱን የሚሰሙት ነጭ የደም ሴሎች ብቻ አይደሉም፤ ጉበትም ይሰማል፣ አጥንትም ይሰማል።

ድሮ በገበያ ቀን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲታወጅ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። ኢንተርሉኪን አዋጁ ነው። ሪሰፕተር ወይም ተቀባይ የምንለው ደግሞ ጆሮው ነው። አዋጁ በደም ውስጥ ሁሉም ጋ ይደርሳል፣ የሚሰማው ግን ጆሮው ያለው ሴል ብቻ ነው። ተቀባዩ በሴሉ ሽፋን ላይ የተሰካ ፕሮቲን ነው፤ ጭንቅላቱ ወደ ውጭ፣ ጭራው ወደ ውስጥ ነው። ጭንቅላቱ የራሱን ኢንተርሉኪን ለይቶ ይይዛል። ሲይዝ፣ ጭራው ላይ የተጣበቁ ጃክ የሚባሉ ኢንዛይሞች ይነቃሉ። እነሱ ስታት የሚባሉ ፕሮቲኖችን ይቀሰቅሳሉ። ስታቶቹ ወደ ኒውክለሱ ገብተው የትኛው ጂን ሥራ እንደሚጀምር ያዛሉ። ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ጃኮቹ 4፣ ስታቶቹ 7 ብቻ ናቸው። በዚህች ጥቂት ሽቦ ይህን ያህል የተለያየ መልእክት ማለፉ፣ ስንት ዓመት ሳነበው ኖሬም ዛሬም ይገርመኛል። ሁሉም ኢንተርሉኪን በዚህ መስመር አይሄድም፤ የ1 እና የ17 ተቀባዮች ሌላ መስመር አላቸው። ለእናትሽ ጉዳይ ግን ይሄኛው ይበቃናል።

አሁን ወደ ኤችአይቪው ንጽጽር ልምጣ። ኤችአይቪ ሲዲ4 የሚባሉትን የመከላከያ ሴሎች ራሳቸውን ይጨርሳል። ቶሲሊዙማብ አንድም ሴል አይገድልም፤ አንድ ዓይነት ጆሮ ይደፍናል። የትኛው ጆሮ እንደተደፈነ ማወቅ ደግሞ ትልቅ ልዩነት አለው። ዴቪድ ቬተር የሚባል አሜሪካዊ ልጅ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የተወለደ። ጀርም እንዳይነካው በፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ አድጎ በ1984፣ በ12 ዓመቱ ሞተ። የዚያ በሽታ ምክንያት የታወቀው በ1993 ነው። ኢንተርሉኪን 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ 15 እና 21 በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ የተቀባይ ክፍል አለ፤ ያ ክፍል ይበላሻል። በአንድ ጉድለት የስድስቱም ጆሮ ተደፈነ ማለት ነው። ቲ ሴል የሚባለው የመከላከያ ሴል ማደግ እንኳ አልቻለም። የኢንተርሉኪን-6 ጆሮ ብቻውን ሲዘጋ ግን ቲ ሴሎቹ ይኖራሉ፣ ሌሎቹ አዋጆችም ይሰማሉ። ስለዚህ «እንደ ኤችአይቪ ያደርጋታል» የሚለው ትክክል አይደለም። «ምንም አያደርጋትም» የሚለውም አይደለም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ኢንተርሉኪን-6ን ለብቻው እንየው፤ የእናትሽ ጣጣ አንድ ትልቅ ክፍሉ እሱ ጋ ነው። ጂኑን እ.ኤ.አ. በ1986 ያገኙት ጃፓኖቹ ታዳሚትሱ ኪሺሞቶ፣ ቶሺዮ ሂራኖና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ተቀባዩ በ1988 ተገኘ። ይህ ተቀባይ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ራሱ መያዝ እንጂ ወደ ውስጥ መናገር አይችልም። ወደ ውስጥ የሚናገርለት ጂፒ130 የሚባል ጓደኛው ነው። ጂፒ130 በሁሉም ሴል ላይ ማለት ይቻላል አለ። ያዡ ክፍል ግን በብዛት ያለው በጉበት ሴሎችና በአንዳንድ ነጭ የደም ሴሎች ላይ ነው። ስለዚህ አብዛኛው የሰውነታችን ሴል ለዚህ አዋጅ ደንቆሮ ነው። ተፈጥሮ እንዲህ ያደረገችው በምክንያት ነው፤ ሁሉም ሴል ቢሰማ ሰውነት ሙሉ በእሳት ይያዝ ነበር።

ችግሩ ያዡ ክፍል ከሴሉ ላይ ተቆርጦ በፈሳሽ ውስጥ ብቻውን መንሳፈፍ መቻሉ ነው። ተንሳፋፊው ጆሮ ኢንተርሉኪን-6ን ይዞ ጂፒ130 ያለው ማንኛውም ሴል ላይ ይለጠፋል። ያኔ ደንቆሮው ሴል በተዋሰው ጆሮ መስማት ይጀምራል። ሩማቶይድ በያዘው መገጣጠሚያ ውስጥ የሚሆነው አንዱ ነገር ይህ ነው። ያበጠ ጉልበት በመርፌ ስቀዳ ልዩነቱን በዓይኔ አየዋለሁ። ጤናማ የጉልበት ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ነው፣ የጠራ ነው፣ በጣትና በጣት መካከል ስትስቢው እንደ እንቁላል ነጭ ክር ይሠራል። ከሩማቶይድ ጉልበት የሚወጣው ግን ቢጫ፣ ደፍረስ ያለ፣ እንደ ውኃ የቀጠነ ነው፤ ስትስቢው ወዲያው ይበጠሳል። ሲሪንጁ እስኪሞላ ይመጣል። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ኢንተርሉኪን-6ም ተንሳፋፊ ጆሮዎቹም በብዛት አሉ። የመገጣጠሚያው ሽፋን ሴሎች ይሰማሉ፣ ያብጣሉ፣ አጥንት የሚበሉ ሴሎችን ይጠራሉ። ዝም ከተባለ አጥንቱ ይሸረፋል፣ የተሸረፈ አጥንት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። እናትሽን በቸልታ እንዳታዩአቸው የምለው ለዚህ ነው። «ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ነው፣ ያልፋል» እየተባለ ጣታቸው ጠሞ የመጡ ብዙ እናቶች አይቻለሁ። ያ እጅ እንዳይጠም ማድረግ ይቻል ነበር።

ይህን ካወቅሽ ሌሎቹ ምልክቶቻቸውም ይገቡሻል። አንዱ የጠዋቱ ነገር ነው። እንደዚህ ያሉ እናቶች ለሱብሂ ሲነሡ እጃቸውን መጨበጥ ያቅታቸዋል፣ የውዱእ ውኃ መያዝ ይከብዳቸዋል፣ ረፋድ ላይ ይለቃቸዋል። ሩማቶይድ ባለበት ሰው ደም ውስጥ ኢንተርሉኪን-6 ከሌሊቱ መጨረሻ እስከ ማለዳ ከፍ ይላል፤ የጠዋቱ መገተር አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጠዋት ላይ ሥራ አቅቷቸው ካያችሁ ስንፍና አይደለም። እንጀራውን ለረፋድ አድርጉላቸው።

ሁለተኛው የደም ማነሱ ነው። ጉበት የኢንተርሉኪን-6ን አዋጅ ሲሰማ ሄፕሲዲን የሚባል ነገር ያመርታል። ሄፕሲዲን የብረትን በር ይቆልፋል፤ አንጀት የብረት ክኒኑን ወደ ደም አያሳልፍም፣ በማከማቻ ያለው ብረትም አይወጣም። ለአጭር ኢንፌክሽን ይህ ብልህ ዘዴ ነው፤ ባክቴሪያውን ብረት ያስርበዋል። ለ4 ዓመት ሲቆለፍ ግን የሚራበው የራስ ደም ነው። የክኒኑ አለመሥራት የእናትሽ ጥፋት ላይሆን ይችላል። የደም መጠናቸው የሚሻሻለው እብጠቱ ሲበርድ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለኝ፦ ዲክሎፍናክና ፕሬድኒሶሎን አብረው ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራ ቀስ ብሎ ሊደማ ይችላል። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከነበረ ለሐኪሙ ንገሩ። ብረት ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፣ ስለዚህ የትኛውን መቼ እንደወሰዱ አስታውሳችሁ ሂዱ።

ሦስተኛው የላብራቶሪ ጥያቄሽ ነው። ኢንተርሉኪን-6ን ማስለካት አያስፈልግም። ናሙና ወደ አዲስ አበባ እንላክ የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን አታውጡ። ጉበት አዋጁን ሲሰማ ሲአርፒ የሚባል ፕሮቲንም ያመርታል፤ ሲአርፒ የዚያ አዋጅ አሻራ ነው። ሲአርፒና ኢኤስአር የሚባለው ሌላ የእብጠት የደም ምርመራ፣ ከእጃቸው ምርመራ ጋር፣ ይበቃሉ።

እንግዲህ ቶሲሊዙማብ የሚሠራው በሴል ላይ የተተከለውንም ተንሳፋፊውንም ጆሮ በመድፈን ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2005 ካስልማን ለሚባል የዕጢ በሽታ፣ በ2008 ደግሞ ለሩማቶይድ ፈቀደችው፤ አሜሪካ በ2010 ተከተለች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ ለጸናባቸው ሕሙማን መክሮታል። ሲሠራ ደስ ይላል፤ እብጠቱ ይጎድላል፣ ደም ይጨምራል፣ ድካሙ ይቀላል።

አሁን አደጋውን ልንገርሽ። ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ ስለሆነ እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢኝ። የተደፈነው ጆሮ የማስጠንቀቂያ ደወሉን የሚሰማውም ነው። ጀርም ሲገባ ትኩሳት የሚያስነሣው፣ ሲአርፒ የሚያስጨምረው በአብዛኛው ይኸው መስመር ነው። ከተዘጋ በኋላ ሰውየው ታሞም ላይተኩስ ይችላል። አንድ ታካሚ ትዝ ይለኛል። ይህንኑ መርፌ ውጭ አገር ጀምሮ የመጣ ጎልማሳ ነው። «ትንሽ ሳል አለኝ፣ ደክሞኛል» ብሎ ነው የገባው። ትኩሳቱ 36.8 ነበር። ሲአርፒው ዝቅ ያለ ነበር። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ይሸኘዋል። ትንፋሹን ስቆጥር በደቂቃ 28 ሆነ። ራጁ ሲመጣ የቀኝ ሳንባው ታች ነጭ ሆኗል፤ የለየለት የሳንባ ምች። ተኝቶ ታክሞ ዳነ። ያ ሰው ሐኪም ቅርቡ ባይኖርና መርፌውን ቤቱ ሆኖ በየሳምንቱ እየወጋ ቢቀጥል ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው ዛሬም ይከብደኛል።

ቲቢውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ቲቢን በዋናነት የሚከላከለው ሌላ ጆሮ ነው፣ የኢንተርሉኪን-12። እሱ ሲሰማ ቲ ሴሎች ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ሌላ መልእክት ይለቃሉ፣ ያም ማክሮፋጅ የሚባሉትን ጀርም ዋጭ ሴሎች የዋጡትን ባክቴሪያ እንዲገድሉ ያነቃቸዋል። ያ ጆሮ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ልጆች በቢሲጂ ክትባት እንኳ ሊታመሙ ይችላሉ። ቶሲሊዙማብ ያንን ጆሮ አይነካም። ስለዚህ ቲቢን የመቀስቀስ አደጋው ቲኤንኤፍ የሚባለውን ሌላ የእብጠት መልእክት ከሚዘጉት መርፌዎች ያነሰ ነው። ያነሰ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ቲቢ ብዙ ባለበት አገራችን፣ አንድ ጊዜ ይዞት ለነበረ ሰው፣ ሳይመረመሩ መጀመርን አልደግፍም። የቆዳውም የደሙም የቲቢ ምርመራ እናትሽን አይረዳም፤ አንዴ ቲቢ የያዘው ሰው ከዳነም በኋላ ፖዘቲቭ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የሚረዳው የደረት ራጅ፣ የአንገትና የብብት ዕጢ በእጅ ዳሰሳ፣ አክታ ካለ ጂንኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን መመርመር፣ ያኔ 6 ወሩን ሙሉ መጨረሳቸውን የሚያሳየው ካርድ ነው። ካርዱ የትም ሣጥን ውስጥ ቢሆን ፈልጊው።

ከዚህ ሌላ የሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ የኤችአይቪ፣ የጉበት፣ የኩላሊትና የሙሉ ደም ምርመራ ያስፈልጋል። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ከ2,000 በታች፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ከ100,000 በታች ወይም የጉበት ኢንዛይም ከጤናማው ጣሪያ ከ1.5 እጥፍ በላይ ከሆነ መርፌው አይጀመርም። ኮሌስትሮልም ይጨምራል። አልፎ አልፎ አንጀት ይበሳል፤ ይህ የበለጠ የሚፈራው ደግሞ ልክ እንደ እናትሽ ዲክሎፍናክና ፕሬድኒሶሎን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ቁጥሩን አስቢው። መርፌው ከቆዳ ሥር የሚሰጠው ከሆነ በየሳምንቱ ወይም በየ2 ሳምንቱ ነው። 4 ፍሬ ማለት የ1 ወይም የ2 ወር ሕክምና ነው። ሩማቶይድን ነቅሎ አያወጣም፤ ሲቆም ጆሮው ይከፈታል፣ በሽታውም ይመለሳል። ጀምሮ ማቋረጥ እናትሽን ለአደጋው አጋልጦ ጥቅሙን ይነሣቸዋል። መንገዱም ያሳስበኛል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ያለበት መድኃኒት ነው፤ ከፍሪጅ ውጭ የሚቆይበት ጊዜ ውስን ነው፣ በረዶ ከሆነም ይበላሻል። በሰው ሻንጣ ከጅዳ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ምን እንደገጠመው ያመጣውን ሰው በደንብ ጠይቁት። በበረዶ ሣጥን ካልመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ ካልታወቀ፣ አይወጋም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሜቶትሬክሴትን እንደገና፣ በትክክለኛው መንገድ። እናትሽ የወሰዱት በሳምንት 7.5 ሚሊግራም ለ2 ወር ነው። ያ መነሻ እንጂ ሙሉ ሙከራ አይደለም። ብዙ ሰው የሚጠቅመው ከ15 እስከ 25 ሚሊግራም ነው፣ ቀስ በቀስ እየተጨመረ፣ ለውጡም የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ነው። ማቅለሽለሹ መፍትሔ አለው። ከእራት በኋላ መውሰድ፣ ፎሊክ አሲድ በሌላ ቀን መጨመር፣ ወይም ሐኪሙ ሲፈቅድ በዚያው ቀን ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ይቻላል። ካልሆነም ከቆዳ ሥር የሚወጋው አለ።

እባክሽ ይህን ደግመሽ አንብቢው፦ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ከተወሰደ የአጥንት መቅኔን ያደርቃል፣ ሰው ይገድላል። ጁምዓ ማታ ከተባለ ጁምዓ ማታ ብቻ። ፓኮውን አንቺ ያዢውና በቀኑ ቆጥረሽ ስጪያቸው። አፋቸው ውስጥ ቁስል ከወጣ ወይም ደረቅ ሳል ከጀመራቸው ቀጣዩን ሳትሰጪ ወደ ሐኪም ውሰጃቸው። ብቻውን ካልበቃ ሐኪሙ ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ሰልፋሳላዚን ሊጨምርበት ይችላል። ሦስቱ አብረው ብዙ ሰው አድነዋል፣ ዋጋቸውም ከመርፌው ጋር አይወዳደርም።

ፕሬድኒሶሎኑን በተመለከተ፣ በራስ ፈቃድ እየገዙ መውሰድ ይብቃ። በየቀኑ 15 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ለሳምንታት ከተወሰደ እሱ ራሱ ቲቢ ይቀሰቅሳል፤ መርፌውን የምትፈሩበት አደጋ በእጃችሁ ባለው ክኒን ውስጥም አለ። ግን በአንድ ቀን አታስቁሟቸው! ከ3 ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው ድንገት ሲያቆም ደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ሐኪሙ እየቀነሰ ያስቁማቸው።

ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ ማር አቅም ያጠናክራል የሚላችሁም ይኖራል። የእናትሽ መከላከያ አልደከመም፤ የራሱን ቤት ነው የሚመታው። በምግብ ልክ ቢበሉ አልከለክልም። ሜቶትሬክሴት እየወሰዱ በዘይት መልክ የተጨመቀ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ቅይጥ ግን ለጉበታቸው ስል አልፈቅድም። ነገ ደግሞ ወንድምሽ ቶፋሲቲኒብ የሚባል ክኒን ልላክ ሊል ይችላል። እሱ ጆሮውን ሳይሆን ከጆሮው ሥር ያለውን ጃክ ይዘጋል፣ ስለዚህ ብዙ ጆሮ በአንድ ጊዜ ያደነቁራል። ክኒን ስለሆነ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የቲቢው ጥንቃቄ ያው ነው፤ የደም መርጋትና የልብ አደጋም ተጨምሮበታል፣ በተለይ ዕድሜው 50 ላለፈ።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። በዚህ ሳምንት ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ወደ ውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ውሰጃቸው። መርፌውንም ካርዱንም የሚወስዷቸውን ክኒኖች በሙሉም ይዛችሁ ሂዱ። ሜቶትሬክሴት በሙሉ መጠን 3 ወር ይሞከር። በ3 ወሩ መገጣጠሚያቸው አሁንም ካበጠና ሲአርፒው ካልወረደ፣ ያኔ ቶሲሊዙማብ ተገቢ ምርጫ ነው፤ የምርመራው ውጤት ንጹሕ ከሆነ፣ ቢያንስ የ6 ወር መድኃኒት ያለመቆራረጥ የሚገኝ ከሆነ፣ በየጊዜው ደማቸውን የሚያይ ሐኪም ካለ። ለወንድምሽም ደውዪለት። ገንዘቡን በሌላ መርፌ ላይ ከሚያወጣ ለምርመራውና ለክትትሉ ይላክ።

እስከዚያው አንድ ነገር በእጅሽ አድርጊ። በየ2 ሳምንቱ እናትሽን አስቀምጠሽ አንገታቸውን በሁለቱም በኩል፣ ከጆሮ ሥር እስከ አንገት አጥንት፣ በጣቶችሽ ጫፍ ዳስሺ። የድሮው ጠባሳ የት እንዳለ እወቂ። አዲስ እብጠት ካገኘሽ፣ ባያማቸውም፣ ባይተኩሳቸውም፣ በማግስቱ ጤና ተቋም ውሰጃቸው።